ጋሼ ጫማቸውን የሚያወልቁበት ደጅ

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከአዳማ ተነስተው ቡልቡላ ድረስ የሚመላለሱት አንድ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ለማንሳት ነበር። ታቦቱ አስፋልት ዳር ወደተሠራው አዲሱ ሕንፃ ከገባ ቆይቷል። የአሮጌው ጣሪያ ተቀዷል፤ ወለሉንም የሌሊት ወፍ ኩስና የግራር እሾህ ሞልቶታል። ጋሼ ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እኔን አስከትለው ይሄዱና እየደበዘዘ ያለውን የግድግዳ ሥዕል፣ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ያነሳሉ።

ሁልጊዜም ደጁ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ። አንድ ጊዜ ከተረከዛቸው እሾህ እየነቀልኩ፣ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ታቦት የለም። ጫማዎን ቢያደርጉ ማን ይቆጣዎታል?» አልኳቸው።

«የሄደው ታቦቱ ነው» አሉኝ፣ ካሜራቸውን እየጠራረጉ። «የሰዉ ጸሎት እዚሁ ነው ያለው። ይልቅ ቀስ ብለሽ ንቀይ።»

ማንም በማያይበት ቦታ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሌላ አላውቅም።

በየዓመቱ የመጨረሻዋን ፎቶ ከውስጥ ወደ በሩ ዞረው ነበር የሚያነሱት። በሁሉም ላይ የሳቸውና የኔ ጫማ ደጁ ላይ ጎን ለጎን ይታያል።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ካሜራቸውን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ሁልጊዜ የሚያደርሰን ባለባጃጅ፣ «አባባስ?» አለኝ። ስነግረው ሞተሩን አጠፋ። «ጨርሰሽ እስክትወጪ እጠብቅሻለሁ» አለ።

እንደሳቸው በባዶ እግሬ ገብቼ አነሳሁ፤ በመጨረሻም ወደ በሩ ዞርኩ። ፎቶውን ሳየው ጫማዬ ወደ ደጁ ጥግ ተጠግቶ ተቀምጧል። ለካ ሳላስበው ለሳቸው ጫማ ቦታ ትቼ ነበር ያስቀመጥኩት።