የወንዝ መላሹ የውሃ አባት

ወንዝ መላሽን ካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። ከመርሳ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አትርቅም፤ ከበላይዋ ተራራው፣ ከበታችዋ የማሽላው ሜዳ፣ መሐሉ ላይ ሰማንያ የማይሞላ ቤት፣ በቃ ይኸው ናት። ከተማው እየተንፏቀቀ መጥቶ ዳሯን ሊነካት ምን ቀረው፤ ቆርቆሮ ቤቱም፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጠው ሱቅም ደርሶላት ነበር። አብዱልሐሊም ስለ እሷ ማውራት ከጀመረ ግን ሌላ አገር ያለም አይመስለው። እንግዳ ይምጣ ብቻ! ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር የመጣ የዘር ባለሙያ ይሁን፣ መንገድ የጠፋበት ሹፌር ይሁን፣ ይዞ ያስቀምጠውና በዱላው መሬቱን እየጫረ ያስተምረዋል።

«ድሮ ውሃው በዚህ በኩል ነበር የሚወርድ» ይላል። «የኔ አያትና የጓደኛዬ የደምሴ አያት ከላይ ጠልፈው ወደ ሜዳው መለሱት። አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ ሥጋውን ለየብቻ እየበሉ ድንጋዩን አብረው ተሸከሙ። መንደሩ ስሙንም እህሉንም ያገኘው ያኔ ነው።»

ሰውየው ወሬ ያበዛል እንጂ አይዋሽም። ቆላው ላይ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ይወርዳል፣ ያንን በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር ክትር ጠልፈው ወደ ማሳ ይለቁታል። ክትሩ ደግሞ የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ደቦ ወጥቶ ካልጠገነው ውሃው ወደ ድሮ መንገዱ መሄድ ይፈልጋል። ደቦውን የሚጠራው፣ የውሃ ተራ የሚያካፍለው፣ ጎርፍ ሲመጣም ለሰው የሚያስታውቀው የውሃ አባት ይባላል። አብዱልሐሊም ሃያ ስድስት ክረምት የውሃ አባት ነበር። ጆሮው ጉድ ነው! ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ እያለ፣ እሱ ቀና ይልና «መጣ» ይላል። ሰው ከብቱን ሰብስቦ ዞር ሳይል ውሃው ከች።

ውሃው ድሮ የሚሄድበት ቦይ ከመንደሩ ጀርባ አለ። ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይሞላው ጥልቅ ነው፤ ደረቅ፣ ቁጥቋጦ የወረሰው። አሮጌው ወንዝ ይሉታል። በደርግ ጊዜ አውሮፕላን ሲያንዣብብ መንደሩ በሙሉ እዚያ ገብቶ አንድ ሰው ሳይጎዳ ወጣ። አብዱልሐሊም ያኔ ወጣት ነበር፤ ይህቺን ታሪክ ሲያወራ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል።

ከዚያ የ2013 ሐምሌ መጣ። ጦርነቱ ወደ ወልዲያ እየወረደ ነው ሲባል የመንደሩ ጎረምሳ ግማሹ ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ፣ ግማሹ ወደ ደሴ ሸሸ። የአብዱልሐሊም ልጅ ዓሪፍ ጅዳ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት የልጁ ሚስት ከድጃና የስድስት ዓመቷ ልጇ ናጅዋ ናቸው። ደቦ የሚጠራበት ቀን ደረሰ፣ አለፈ።

«አብዬ፣ ዘንድሮ ክትሩን አያስጠግኑም?» አለችው ከድጃ።

«በማን ላስጠግነው ልጄ? አካፋ የሚጨብጥ ሰው የታለ? ይረጋጋና እንጠራዋለን ኢንሻአላህ።»

አልተረጋጋም። ነሐሴ ሲገባ ወልዲያ ተያዘች፣ ከባድ መሣሪያው ወደ መርሳ ቀረበ። አራት ቀን ሙሉ መሬቱ ተርገፈገፈ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ፣ እህል ከሰው አፍ ራቀ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንዱ አረር የሱቁን ጣሪያ ገነጠለው። መንደሩ ውስጥ የቀረው ሃያ ሦስት ሰው ነው፤ ሴት፣ ሽማግሌና ልጅ። የሆነ ቦታ መግባት አለባቸው።

«ጉብታው ላይ እንውጣ» አለ ደምሴ። «ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ነው፣ ይችለናል።»

«ጉብታ ላይ ወጥተህ ለማን ልትታይ ነው?» አለው አብዱልሐሊም። «ጤናም የለህ? አሮጌው ወንዝ እያለ!»

«ክረምት ነው እኮ፣ አንተ ሰው።»

«ስድሳ ዓመት ውሃ ያላየ ቦይ ነው። ልታስተምረኝ ነው?»

ደምሴ ክርክሩን ተወው። አብሮ አደጉ ነው፣ ውሃን በተመለከተ አንድም ቀን አሳስቶት አያውቅም። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለና ሚስቱን ሊያወጣ ገባ።

ሚስቱ አልማዝ ወገቧን ከታመመች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አትራመድም። ቃሬዛ ላይ አደረጓት፤ ቁልቁለቱ ላይ እንዳትንሸራተት ብሎ አብዱልሐሊም ራሱ በገመድ አጥብቆ አሰራት። አልማዝ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ቀልዷን አልተወችም።

«እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ ተሞሸርኩ!» አለች። «አብዱልሐሊም፣ አደራህን፣ እዚያ ገብተን ደግሞ ያቺን የአውሮፕላን ወሬህን እንዳትጀምርብን።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

ቦዩ ውስጥ እስከ ቀትር ደህና ነበሩ። አረሩ ከአናታቸው በላይ እያፏጨ ያልፋል፣ ከመንደሩ በኩል ጢስ ይነሳል፣ እነሱን ግን የነካቸው የለም። አንዲት ሴት የአብዱልሐሊምን እጅ ይዛ ሳመችው። አይ እሱ! እንዴት ደስ አለው መሰላችሁ። ኩራት እንኳ ሳይሰማው አልቀረም፤ በኋላ ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበው ያቺ ደስታ ነበረች።

ከቀትር በኋላ የዐስር ሶላት ሲቃረብ ከተራራው በኩል ጉምጉምታ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ደምሴ አንገቱን ቀና አደረገ። «ይሄ ነገር ውሃ አይደለም?» አለው።

ሁሉም ወደ አብዱልሐሊም ዞሩ። አደመጠ። አራት ቀንና አራት ሌሊት ከመሣሪያ ጉምጉምታ ሌላ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ተኝቶም ይሰማዋል፣ ሲሰግድም ይሰማዋል።

«ከባድ መሣሪያ ነው» አለ። «ተኙ! ሁላችሁም በደረታችሁ ተኙ!»

ተኙ። ለምን አይተኙ? የውሃ አባት ነው ያላቸው። እናቶች ልጆቻቸው ላይ ተደፉ፣ ደምሴ ቃሬዛዋን መሬት አስነክቶ ሚስቱን በክንዱ ከለላት። ጉምጉምታው ግን አላባራ አለ። የተተኮሰ ነገር ይፈነዳና ያልቃል፤ ይሄኛው እየቀረበ፣ እየወፈረ መጣ። ከዚያ ከላይ ነፋስ ነፈሰና እርጥብ አፈር ሸተተው።

ላ ሐውለ! ያልጠገነው ክትር ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

«ውጡ! ውሃ ነው፣ ውጡ!» እያለ ጮኸ። ከድጃ ናጅዋን ታቅፋ ቁጥቋጦ ጨብጣ ወጣች። እሱ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ዳሩ ወረወረ፣ አሮጊቶቹን ከታች ገፋ፣ ከላይ ጎተቷቸው። ሃያ ሰው ወጣ። ከዚያ እሱና ደምሴ ቃሬዛዋን በሁለት ጫፍ ይዘው እያነሷት ሳለ ጭቃና ድንጋይ የተሞላው ውሃ ዞሮ መጣና ከእጃቸው ነጠቃቸው። አልማዝ አልጮኸችም። «ደምሴ!» ብቻ አለች፣ ያውም ቀስ ብላ።

እሱንና ደምሴን የቁጥቋጦ ሥር ይዞ አተረፋቸው። ዳሩ ላይ ወጥተው ቁጭ አሉ። መሣሪያው እንደሆነ አሁንም ይተኩሳል፤ ማንም ልብ ያለው የለም። አብዱልሐሊም ደምሴ ቢመታው፣ ቢሰድበው፣ አንቆ ቢይዘው ወደደ። ምነው ገፍቶ በጣለኝ ብሎ ተመኘ፤ አላህ ይቅር ይበለውና ከልቡ ነው የተመኘው።

ደምሴ ግን አላየውም። ውሃውን እያየ ጠየቀው።

«የት ይጥላታል?»

አብዱልሐሊም ያውቃል። ውሃው የወሰደውን በሬም፣ ግንድም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ መንገደኛ የት የት እንደሚተፋ ከአባቱ ተምሯል፤ አባቱ አሮጌውን ወንዝ ከመድረቁ በፊት ያየ ሰው ነበር። «ከታች፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ» አለ። «ጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ፣ በግራ በኩል።»

ውሃው እስኪጎድል ጠበቁና ዳር ዳሩን ሁለቱ ብቻ ወረዱ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፉ። ሁለተኛው ላይ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ በግራ በኩል፣ አሸዋው ላይ ነበረች።

ደምሴ ተንበርክኮ ጭቃውን ከፊቷ ላይ በመዳፉ ጠረገላት። ከዚያ ወደ ጓደኛው ቀና አለ።

«ይሄንንስ አወቅኸው» አለው።

ሌላ ነገር አላለውም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።