ለእትዬ ዘነበች ያልተረጎምኩላቸው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ «ሰው በድያለሁ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ። ማንን፣ እንዴት ብለው አልጠየቁኝም። እናንተ ግን ስሙኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ በስደት አገር፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለች ጠባብ አፓርታማ እኖር ነበር። ልጄ ስምንት ወሯ ነበር፤ አባቷ ጥሎን ሄዷል። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ ስሠራ ልጄን ያለ ክፍያ የሚይዙልኝ አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በሱዳን በኩል የመጡ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ካርቱም ቀርታለች። እሷን ለማስመጣት ደመወዝ ያለው ሥራ እንዳላቸው ማሳየት ነበረባቸው። ይህን አውቅ ነበር፤ ማመልከቻውን የሞላሁላቸው እኔው ነኝ።

አንድ እሁድ የሰፈሩ ሰዎች ኪችን ቱር አዘጋጁ። ጎረቤት ቤት ለቤት እየዞረ የሌላውን ኪችን የሚያይበት፣ የሚቀምስበት ቀን ነው። ከታች ያሉት አይሁዳዊት ባልቴት እኛንም አስመዘገቡን። ከማያውቁት ቤት ሥጋ የማይበሉ እንግዶች እንዳሉ ለእትዬ ዘነበች ስነግራቸው የሽምብራ ዓሣ ሠሩ። የሽምብራውን ሊጥ በዓሣ ቅርጽ ቆራርጠው፣ ለያንዳንዱ ዓሣ በጥቁር አዝሙድ ዓይን አበጁለት። ጠባቧ ኪችናችን በሰው ተሞላች።

ከእንግዶቹ አንዷ ፓሳዴና ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። ሁለቴ አስጨምራ በላችና «ንገሪልኝ» አለችኝ። እትዬ ዘነበች የምግብ ቤቷ ኪችን ውስጥ እንዲሠሩላት ትፈልጋለች፤ ደመወዝ፣ ማደሪያ ክፍል፣ የሚያስፈልገውን ወረቀት ሁሉ ትሰጣለች። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። እትዬ ዘነበች ሻሻቸውን እያስተካከሉ አፍ አፌን ያዩኛል።

ያን ጊዜ ምን አሰብኩ? ነገ ልጄን ለማን ሰጥቼ ሥራ እገባለሁ? ይህን ብቻ አሰብኩ።

«ምግቡ ጣፍጦኛል ነው የምትለው» አልኳቸው።

«ይህን ሁሉ ያወራችው ለዚህ ብቻ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። ወሬ ታበዛለች።»

ለሴትዮዋ ደግሞ ጤና የላቸውም፣ ሥራ አይፈልጉም አልኳት። አዝና ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች። እኔ ካርዱን ከትርፍራፊው ጋር ጣልኩት። እኔ ነኝ የጣልኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የሥራ ማስረጃ ስለሌለ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ያን አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው። ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያ ተነስተው ልጄን አጠቡልኝ። በማግስቱ በአውቶቡስ ፓሳዴና ሄጄ ምግብ ቤቱን ፈለግሁ። ካርዱን ስጥል ስሙን እንኳ አላነበብኩትም ነበር። እስከ ማታ ዞሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ስንቴ አፌን ከፈትኩ? ስንቴስ «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ «ደክሞኝ ነው» አልኩ?

ከአራት ዓመት በኋላ እትዬ ዘነበች በልብ ሕመም አረፉ። ልጃቸው በሌላ መንገድ የመጣችው እሳቸው በሞቱ በሁለተኛው ዓመት ነው። ኤርፖርት የተቀበልኳት እኔ ነበርኩ። ጉልበቴ ላይ ወድቃ፣

«እናቴን ጦረሽልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ።

አነሳኋት። «ምንም አይደል» አልኳት። ምንም አይደል!

ዛሬ ፓልምስ ሰፈር ትኖራለች፤ ልጄን እህቴ ትላታለች። ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ላመካኝ አልችልም። እዚያው ፓርኪንግ አብረውኝ የሚሠሩ፣ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ፤ ሞግዚት አጥተው ተንከራተቱ እንጂ እናትን ከልጇ አልለዩም። ይህን የጻፍኩት ለእትዬ ዘነበች ልጅ ላነብላት ነበር፤ እስካሁን አላነበብኩላትም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ስትቀመጥ እጄን ትይዘኛለች፤ እኔም እንድትለቀኝ አልፈልግም።