ሞጆ ሐዲድ ላይ የተተከለ ቀይ ጨርቅ

ቅዳሜ ንጋት፣ ሐዋሳ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤቴ በር ላይ ቆሜ ለእትዬ እመቤት ደወልኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ዝናብ እኮ...»

«ይዝነባ!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እትዬ እመቤት እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ተወልደው ያደጉት ግን ሞጆ፣ ከድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር ዳር ነው፤ አባታቸው ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ደግሞ ከሐዲዱ ሥር ያለው የውሃ ቱቦ ተደፍኖ፣ አባታቸው ሲጠግኑት የኖሩት ቦታ ኩሬ ሆነ። የሰፈሩ ሰዎች ኩሬው ቢያስመርራቸው አፈር አስደፍተው ሐዲዱን ሊቀብሩት ነው የሚል ወሬ እሳቸው ጋ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን አስተባብረው፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል የምሠራውን እኔንም ከእረፍት ቀኔ ጎትተው፣ ሞጆ ሄደን ቱቦውን እንድንከፍት ሚኒባስ ውስጥ ከተቱን።

ዝዋይ፣ ቁርስ

ከሻሸመኔ እስከ አርሲ ነገሌ መንገዱ በቅጡ አይታይም፤ ጭጋግ፣ ጋሪ፣ የከሰል ጆንያ፣ በአንድ ጃንጥላ ራሷንም ድንቿንም የምትከልል ሻጭ። ሾፌራችን ተማም ዝዋይ ላይ አቁሞ አሳ ጥብስ አዘዘ።

«የሐዋሳ ልጅ ሆነህ የዝዋይ አሳ ትበላለህ?» አልኩት።

«ለማንም እንዳትናገር» አለ አፉን ሞልቶ። ዋጋው ሲነገረኝ ግን ሐዋሳን አመሰገንኩ።

ሞጆ፣ ረፋድ

ጭቃው ዋልካ ነው፤ ጫማ ያወልቃል። ሐዲዱ ከሣሩና ከቆሻሻው ውሃ መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ዶማዬን ሳነሣ እትዬ እመቤት ጮኹ።

«ቆይ! ባንዲራው ሳይተከል?»

ከሱቃቸው የቀደዱትን ቀይ ጨርቅ በሁለት እንጨት ላይ አስረው፣ አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ ሐዲዱ መሀል ተከሉ። አባታቸው የሚመጣ ባቡር እንዲቆም ይህን ሳያደርጉ ሐዲድ አይነኩም ነበር።

«አሁን ከማን ነው የምንጠነቀቀው፣ ከአህያ?» አልኩ። መዘምራኑ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ላስቲክ ደርበን ቆፈርን። ዝናቡ በአንገቴ ገብቶ በሱሪዬ ይወጣል። ከቱቦው አፍ ፌስታል፣ የጫማ ሶል፣ የተቀደደ ጆንያ አወጣን። ከሁሉም በታች የፍራሽ ጫፍ ታየ። ተናደድኩ። ሰው እንዴት ፍራሹን ባቡር ሐዲድ ሥር ይወሽቃል? ንዴቱ ጉልበት ሆነኝ።

ፍራሹ አልወጣ ብሎን ስንታገል አፈር የጫነ ገልባጭ መኪና በሐዲዱ ላይ እየተንገጫገጨ መጣ። ቀዩ ጨርቅ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምንድነው ይሄ? ባቡር አለ እንዴ?»

እትዬ እመቤት የባንዲራውን እንጨት በሁለት እጃቸው ጨበጡ። አሳዘኑኝ።

«ይመጣል!» አልኩ። ያ ሲያሾፍ የነበረው እኔው ነኝ።

«መቼ?»

«መጀመሪያ አንተ መንገዱን አትቅበርበት!»

«ወንድሜ፣ እኔ ድፋ ተብዬ ነው። ሰፈሩ በውሃ ተቸግሯል።»

እትዬ እመቤት መኪናው ፊት ሄደው ቆሙ። «ውሃ ነው ያስቸገራችሁ? እንግዲያው ወርደህ እይ!» ወደ እኛ ዞረው «ሳቡት!» አሉ።

ሁላችንም ፍራሹን ይዘን ወደ ኋላ ተንጋለልን። ተፈንቅሎ ሲወጣ እኛ ጭቃው ላይ ተዘረርን፤ ቱቦው አጉረመረመና ኩሬው መጉደል ጀመረ። ሾፌሩ ወርዶ ዝናብ እየመታው ቆመ። ብረቱ ከውሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ተገለጠ።

«ለላኩኝ ሰዎች ውሃው ሄዷል እላቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሌላ መኪና ቢልኩ ግን እኔ የለሁበትም።» ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ከነአፈሩ ተመለሰ።

አመሻሽ፣ መልስ

ዶማና አካፋውን ጭነን ስናበቃ ባንዲራዎቹን ልነቅል ሄድኩ። በአባታቸው ደንብ ሥራ ሲያልቅ ባንዲራ ይነሣል።

«ተዋቸው» አሉ እትዬ እመቤት። «አላለቀም። ቅዳሜ እንመለሳለን።»

ሐዋሳ ስንገባ ዝናቡ እዚያው ጠበቀን። ተማም በመስታወቱ መጥረጊያ ጩኸት መሀል፣ «የሚመጣው ቅዳሜም ዝናብ ነው ይላሉ» አለ። እትዬ እመቤት ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልቀሰቅሳቸው አልፈለግኩም፤ እኔው መለስኩለት።

«ይዝነባ!»