አስርን እኩል ያካፈልኩ ዕለት

ሱዳን ውስጥ ዶካ አጠገብ ባለው የሰሊጥ እርሻ ዝናብ ጥሎ ጥቁሩ አፈር እግር ሲይዝ ማረም የለም፤ መኪናም አይገባም። በሣር በተከደነው ራኩባ ጥላ ሥር ተኮልኩለን እንውላለን። እኔ በካርቶን ላይ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ሳህን የሚበሉት ሰው በጎንደር በኩል የሒሳብ መምህር ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ማስተማሩን ተዉት። እህታቸው ና፣ ላሳክምህ ብላ መልእክት ልካለች፤ እሳቸው ግን የፈሩት ሌላ ነው።

"ሞራስ ይገፈፋል። ጭንቅላቴ ዝጎ ከሆነ ምን ይዤ ክፍል እገባለሁ?"

ለዚህ መፈተኛ ያስቀሩት ነገር ነበር፤ ከቁጥር እንቆቅልሽ መጽሐፋቸው አንድ ያልተሞላ ገጽ፣ ከሁሉም ከባዱ። እኔ ላነብና ልጽፍ፣ እሳቸው ሊያስቡ ተስማማን። ያለን እስክሪብቶ ነው፤ ላጲስ የለም።

"እያንዳንዱ ሳጥን ዘጠኝ ክፍል አለው" አሉኝ። "ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይገባሉ፤ በሳጥንም በረድፍም የሚደገም የለም። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ በነጠብጣብ የታጠሩትን ክፍሎች ድምር ንገረኝ።"

"ሁለት ክፍል፣ ላይና ታች፣ አስር።"

"እሱ ብዙ መንገድ አለው፤ ይቆየን።"

እኔ ግን አምስትና አምስት ጽፌ ነበር። በእኛ ሳህን ለሁለት የመጣ ሁሉ እኩል ነው የሚከፈለው፤ እጄ ቀደመኝ። ሳልነግራቸው ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

"ሦስት ክፍል፣ ሃያ አራት።"

"ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሌላ ምርጫ የለውም።"

"ሁለት ክፍል፣ ሦስት።"

"አንድና ሁለት።"

"ሦስት ክፍል፣ አስራ ሁለት። አንዱ ግን ከሳጥኑ ወጥቶ ጎረቤት ሳጥን ገብቷል።"

"እሱን ነበር የምፈልገው! ሁሉንም ደምር።"

"አርባ ዘጠኝ።"

"ከአንድ እስከ ዘጠኝ ሲደመር አርባ አምስት ነው። ትርፉ አራት፣ የወጣው ቁጥር እሱ ነው። ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ስምንት ይሆናሉ፤ ሦስትና አምስት። ጻፍ።"

"አምስት አይገባም፤ ሳጥኑ ውስጥ አለ" አልኩ፣ የማላውቅ መስዬ።

በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ።

"ኸላስ፣ አለቀ። ጭንቅላቴም ሄዷል ማለት ነው።"

ፊታቸውን አይቼ አልቻልኩም። "መምህር፣ እኔ ነኝ። አስሩን አምስት አምስት አድርጌው ነው።"

"ለምን?"

"እኩል ይድረሳቸው ብዬ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ! የምንካፈለው የአሲዳ ገንፎ መሰለህ እንዴ? በል፣ አስር የሚሞላ ከአራትና ከስድስት ሌላ ማን ቀረ? የወጣው አራት የት ረድፍ ነው?"

"የላይኛው።"

"እንግዲያው ከአስሩ የላይኛው ክፍል ስድስት፣ የታችኛው አራት።"

አምስቶቹ ላይ ደርቤ ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። የቀሩትንም ሳጥኖች ሞልተን ገጹ ሲያልቅ መምህሩ እጃቸውን ከራኩባው ውጭ ዘርግተው ጠብታ ፈለጉ።

"አባርቷል" አሉ። "ይሄ ጭቃ መኪና እስኪያስገባ ስንት ቀን ይፈጃል ትላለህ?"