ከብቸና እስከ ሞጣ፦ የኋላ አክስል ፍለጋ

ዓርብ ማለዳ ከብቸና የተነሣነው ለአሮጌዋ ጂፓችን ጠንካራ የኋላ አክስል መርጠን ለማምጣት ነው። ሹፌሯ ባለቤቴ ትርንጎ ናት። እኔ ረዳቷ ነኝ፤ መንገዱ ሲከፋ ወርጄ ከፊት የኋሊት እየሄድኩ ጎማው የትኛውን ደንጊያ እንደሚረግጥ በእጄ አሳያታለሁ። ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው የደንጊያ መንገድ በታች ካሉት መንደሮች ሕመምተኛና ወላድ የምታወጣ ሌላ መኪና የለችም።

ባለፈው ወር ምጥ የያዛት ሴት ጭነን ስንወጣ አክስሉ መሐል ዳገት ላይ ተሰበረ። ሴትዮዋን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። ትርንጎ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም።

«የማምነው አክስል ካልተገኘ ያን ዳገት አልመለስበትም» አለችኝ።

ሞጣ ላይ አሮጌ መኪና እየፈታ ዕቃ የሚሸጥ ጋራዥ እንዳለ ሰምተን ነበርና ሚኒባስ ተሳፈርን።

ግንደወይን

ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። በስተግራችን ጮቄ ጉም ለብሷል። ግንደወይን ላይ ቁርስ ለመብላት ወረድን። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ በቃሪያ አዘዝን። ትርንጎ ሁለቴ ጎርሳ ተወችው። ጠቅልዬ አጎረስኳት፤ ለእኔ ስትል ዋጠችው።

ሞጣ

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ምንይችል ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት አክስሎች አሳዩን። የእኔ ዓይን ያረፈው ከጭነት መኪና በወጣው ላይ ነው።

«ይኼ ዝሆን ቢቆምበትም አይሰበርም» አልኩ።

ትርንጎ ተንበርክካ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ያለበትን የአክስሉን ሆድ በስንዝሯ ለካች። «ሆዱ ወርዷል። የእኛ መንገድ ደንጊያ ሁሉ ይገጨዋል።»

«የእኛ ቀጭኑ መሰበሩን ግን አይተናል።»

«የተሰበረው እየተጋጨ ነው። አንተ ከፊት ነበርክ፤ ድምፁን ከሥሬ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ድምፃችን ከፍ ማለት ጀመረ። ጋሽ ምንይችል «እናንተ ተነጋገሩ፣ እኔ ሻይ ላስመጣ» ብለው ወጡ። ሻዩን አስመጥተው ሲመለሱ ወደ ሌላው አክስል ዞርን።

ሁለተኛው ከእኛዋ ጋር ከምትመሳሰል ጂፕ የወጣ ነው። ሆዱ ከፍ ያለ ነው፤ ጎማውን የሚያዞሩት የውስጥ ብረቶች ግን ከቀድሞው የእኛ ይወፍራሉ። ጋሽ ምንይችል ብረቶቹን ስበው አወጡልን፤ ስንጥቅም ጥምዘዛም የላቸውም። ትርንጎ የዲፈረንሻሉን ጥርስ እያዞረች ቆጥራ ከፊት አክስላችን ጋር እኩል መሆኑን አረጋገጠች። እኩል ካልሆነ የፊቱና የኋላው ጎማ እየተጓተቱ ማርሹን ይፈጁታል። ያኔ እኔም ተረታሁ።

ችግሩ ጋሽ ምንይችል ያን አክስል ለራሳቸው መኪና ያስቀመጡት መሆኑ ነው። ለመሸጥ አመነቱ።

«ልጄ፣ ምን ልትጭኝበት ነው?» አሏት።

«ወላድ ነው፣ ጋሼ። መንገዱ ደንጊያ ነው።»

አክስሉን ትንሽ ዳበስ አደረጉት። «የእኔዋ አስፋልት ላይ ነው የምትውለው፤ ሌላ እስኪገኝላት ትታገሥ። ውሰጅው።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

ወደ ቤት

ዋጋውን ከፍለን በእህል መኪና ጭነን ብቸና አስገባነው። መካኒካችን ገጠመው። ሰኞ ዕለት ባዶዋን ጂፕ ይዘን ያን መንገድ ወረድን፤ ተመልሰንም ዳገቱን ያዝን። እኔ ከፊት ሆኜ እጄን ሳወዛውዝ ትርንጎ ከንፈሯን ነክሳ በቀስታ ትረግጣለች። ጂፒቱ ደንጊያውን ሁሉ ከሆዷ በታች እያሳለፈች ወጣች።

ጠንካራ ማለት ወፍራም ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለመንገዱ የሚሆነውን የሚያውቀው መሪውን የጨበጠው ነው።

ማታ ቤታችን ደጃፍ ሞተሩን ካጠፋች በኋላም መሪውን አልለቀቀችም።

«አሁንም መኪናዋን ትፈሪያታለሽ?» አልኳት።

«እሷንስ አምኛታለሁ» አለችኝ። «እኔ የምፈራው አንተ ከፊቴ የኋሊት ስትሄድ እንዳትወድቅብኝ ነው።»