ከባለቤቱ የቀደመ ቦርሳ

ተራራ ላይ በተንጠለጠለችው ከተማችን በሲሚኮት የአውሮፕላን ሰዓት የሚያምን ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና ትናንት የተዳረ ሙሽራ ነው። ሌሎቻችን ትኬቱን ቆርጠን ቀና እንልና ደመናውን እናያለን። ዳንሩፓ ሮካያ ግን ደመናውንም ከቁም ነገር አትቆጥረውም። "እሱ የራሱን ሥራ ይሥራ፤ እኔ ተነሥቼ እቆማለሁ" ትላለች። ይህን አባባሏን የማይወዷት ሰዎች ሳይቀሩ ሲደግሙት ሰምቻለሁ።

የማይወዳት አለ ወይ ካላችሁኝ፣ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው የት አገር ነው ጠላት የሚያጣው? ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ህንድ እንደወረደ ቀረ። አንዱ ዴልሂ ዘበኛ ሆኗል አለ፣ ሌላው ሁለተኛ ሚስት አግብቷል አለ፤ እኔ ምንም አላልኩም፣ የሰማሁትን ነው። እሷ ወሬው እስኪጣራ አልጠበቀችም። ሁለቱን ሴት ልጆቿን ቆላ አውርዳ ኔፓልጋንጅ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባችና ራሷ ዮርዳኖስ ሄዳ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። "መርፌ በየት በኩል እንደሚወጋ የማታውቅ!" ብለው ሳቁባት። ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ስትመጣ የአንድ ሙሉ የስፌት መስመር አለቃ ሆና ነበር። ያኔ ሻይ ቤት ብቅ ስትል ወንዶቹ ሸሚዛቸውን መቆላለፍ ጀመሩ። የላላ ቁልፍ ካየች አታልፍም።

እረፍቷ አለቀ። የመኖሪያ ፈቃዷ የሚያበቃው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሳይመሽ ዮርዳኖስ ካልገባች ፈቃዱ ይሞታል፤ ፈቃዱ ከሞተ ሥራውም አብሮ ይቀበራል፤ ልጆቹም ደብተር ጥለው ወደ ማገዶ ለቀማ ነው። ትኬቷ አርብ ጠዋት ከሲሚኮት ኔፓልጋንጅ፣ ቀትር ላይ ካትማንዱ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ውጭ የሚል ነበር፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ወርዳ ሌላ አውሮፕላን ትቀይራለች። ማክሰኞ ግን ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፤ "ውድ ደንበኛችን፣ የሌሊቱ በረራዎ ወደ ምሽት ተዛውሯል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።" ገና ሳትታገሥ አመሰገኗት።

የአውሮፕላን ሜዳው ወኪል ሙክቲ ሻሂ መልእክቱን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

"እታለም፣ አርብ ጠዋት ደመና ትንሽ ካዛጋብሽ ካትማንዱ ላይ የአውሮፕላኑን ጭራ ነው የምታዪው።"

"እንግዲያው ሐሙስ አድርግልኝ።"

"ሐሙስ? ወደ ደቡብ? አማትሽ ሰምተዋል?"

አማቷ ጃይማላ ሲሰሙ ቤቱ ተናወጠ። እኛ ዘንድ ሐሙስ ቀን ወደ ደቡብ የሚሄድ የለም፤ ኔፓልጋንጅ ደግሞ ቁልቁል ደቡብ ናት።

"ሐሙስ ወደ ደቡብ ሄዶ የተመለሰ ማን አየሽ?"

"ልጅዎ የሄደው ማክሰኞ ነበር፣ እማማ። እሱስ መቼ ተመለሰ?"

"የሱን ቀን ያየለት ሌላ አዋቂ ነው" አሉ ጃይማላ።

ደግነቱ መላ አለው። ቀኑ ከከፋ፣ ቀደም ባለው መልካም ቀን የመንገደኛው ዕቃ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ያድራል፤ ያኔ መንገዱ እንደተጀመረ ይቆጠራል። ዳንሩፓ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሻሽ ልታወጣ ስትል አማቷ ያዟት። "ጨርቅ የላከ እንደ ጨርቅ ይጣላል! ያለሱ መሄድ የማትችዪውን አውጪ።" ክርክር ሰልችቷታል። ፓስፖርቷንና ፈቃዷን ቀዩ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ከሜዳው ማዶ አባባ ካርና ቤት አስቀመጠች። ካርና በወጣትነታቸው በበግና በፍየል ጀርባ ጨው ከቲቤት ያመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። "እንደ ዓይኔ ብሌን" አሉ።

ሐሙስ ደመናው ሜዳው ላይ ተዘርፍጦ ዋለ። ወፍ እንኳ አልበረረም። ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ልትወስድ ሄደች።

"አባባ፣ ቦርሳዬን ይስጡኝ።"

"እሱማ ሄዷል።"

"ወዴት?"

"ኔፓልጋንጅ ነዋ! ወዴት ልትሄጂ ነበር?"



"ትናንት ሩዝ አራግፋ ባዶዋን የምትመለስ፣ ሰው የማትጭን የጭነት አውሮፕላን ነበረች" አሉ ካርና፣ እንደ ባለውለታ ደረታቸውን ነፍተው። "ቦርሳሽ እዚህ ምድጃ ዳር ከሚያንቀላፋ ለምን መንገዱን አይጨርስም አልኩ። ዕቃ መሄድ ነው ያለበት። እኔ ዕድሜ ልኬን ያቆምኩት ጭነት የለም።"

"ፓስፖርቴ እኮ ውስጡ ነው!"

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ፓስፖርትሽ ካለፈ አንቺን ማን ያግድሻል?"

አልጮኸችም። የምትጮኸው ቁልፍ ሲዛነፍ ብቻ ነው። ቦርሳውን የተቀበለው የካርና የእህት ልጅ ሂክማት ነበር፤ ኔፓልጋንጅ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሻይ ይሸጣል። ደወለችለት። "እታለም፣ አታስቢ፣ ቅመም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ" አላት። ሻይ ቤቱ ግን ተዝናና። "ቦርሳዋ ሄደች፣ እሷ ቀረች" ይላል አንዱ። "ቦርሳዋ ትስፋ እንግዲህ" ይላል ሌላው። ሌላ ጊዜ ሂጂ ብሎ የመከራትም ነበር። ወይ ፍንክች!

አርብ ጠዋት ደመናው ስንጥቅ አለና አንዲት አውሮፕላን ሾልካ ገባች። ሜዳው ከረቡዕ ጀምሮ በተጠራቀመ ሰው ተሞልቷል፤ ሙክቲም ረቡዕ የቀሩትን እያስቀደመ መጥራት ጀመረ። ነፋሱ እየበረታ ነበር። አንድ ወንበር ሲቀር አብራሪው አንገቱን አውጥቶ "ከእንግዲህ ሰው ብቻ! ጭነት አልወስድም!" አለ። ወንበሩ የጃጋት ነበር። ጃጋት ነጋዴ ነው፤ ሦስት ጆንያ ባቄላ አጠገቡ ቆሟል።

"ባቄላዬን ጥዬ ልሂድ?"

"ወይ ባቄላው ይቅር፣ ወይ አንተ ቅር" አለ ሙክቲ።

ዳንሩፓ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቆመች።

"እኔ ጭነት የለኝም።"

"ያ ጆንያስ?" አለ ሙክቲ። የመስመሯ ሴቶች እንዲቀምሱት የያዘችው ደረቅ አይብ ነበር።

በእግሯ ገፋ አደረገችው። "የአማቴ ነው።"

"ሻንጣሽስ?"

"ከኔ ቀድሞ ሄዷል፤ አልሰማህም? አገሩ ሁሉ ሲስቅ ከርሟል።"

"ቦታው የኔ ነው!" አለ ጃጋት።

"ያንተ ነው። ና ውጣ፣ እወርድልሃለሁ።" እውነቷን ነበር፤ አንድ እግሯን ከሚዛኑ አወረደች።

ጃጋት አውሮፕላኑን አየ። ጆንያዎቹን አየ። ጆንያዎቹ አሸነፉ።

ጃይማላ የመንገደኛ ምርቃት የሆነውን ቀይ ቀለም ዳንሩፓ ግንባር ላይ ለመለጠፍ በሩጫ ደረሱ፤ ግማሹ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። "አርብ ደግሞ አይከፋም" አሉ እያለከለኩ።

ኔፓልጋንጅ እንደ ዳቦ ምድጃ ግላለች። ሂክማት ቦርሳውን እንደ ታቦት ራሱ ላይ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ቦርሳው ዝንጅብልና ሄል ይሸታል። "ሻይ ልቅዳልሽ?" "ስመለስ።" ውስጥ ስትገባ የቀትሩ በረራ ወደ ማምሻ ተዛውሯል። አሁንም ስለ ትዕግሥቷ ተመሰገነች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አግዳሚ ፈልገው ተጋደሙ። እሷ በመስታወቱ ወደ ሜዳው ብታይ አንዲት አውሮፕላን ሻንጣ እየጫነች ነው።

"ያቺስ?" አለቻት ትኬት መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ።

"እሷ የጠዋቷ ናት። ዘግይታ ነው።"

"ዘግይታስ የት ነው የምትሄደው?"

"ካትማንዱ፣ ግን ያንቺ…"

"እህቴ፣ የዘገየ አውሮፕላን የተሠራው ለዘገየ ሰው ነው። ከጠዋቱ ሰዎች ሙቀቱን ፈርቶ ወደ ቤቱ የሄደ አንድ አታጪም። ፈልጊልኝ።"

ልጅቷ ፈለገች። ዳንሩፓ አልተሳሳተችም፤ የቀረ ሰው ነበር።

ካትማንዱ ላይ አውሮፕላኗ መውረጃ ተራ አጥታ እንደ አሞራ ዞረች። ተሳፋሪው ተራራ ፎቶ ሲያነሣ ዳንሩፓ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ወርዳ ወደ ውጭ በረራው ሕንፃ ስትሮጥ ሁለት ዘበኛና አንድ ውሻ ተከተሏት። ጠረጴዛው ጋ ያለው ወጣት እጁን አነሣ።

"ተዘግቷል፣ እመቤት።"

"ማሽንህ እያተመ ነው።"

"እሱ ለ…"

"ወንድሜ፣ እኛ ፋብሪካ መስመር ተዘጋ የሚባለው ማሽኑ ጨርቅ ሲለብስ ነው። ያንተ ማሽን ራቁቱን ነው የቆመው።"

ከጎኑ ያለችው ባልደረባው ፍርፍር ብላ ሳቀች። ወጣቱ ቀላ።

"የሚጫን ሻንጣ?"

"የለም።"

ፓስፖርቱን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩን አየ። "መሐል ላይ የምትቀይሪውም ሰዓቱ ተቀይሮ ጠቧል። በእግርሽ ላትደርሺበት ትችያለሽ። የነገውን ላድርግልሽ?"

"የነገው መቼ ያደርሰኛል?"

"እሑድ ጠዋት።"

"እሑድ ለኔ ለቅሶ ነው። የዛሬውን አትም።"

"ቢያመልጥሽ ድርጅቱ አይጠየቅም።"

"አልጠይቀውም። አትም አልኩህ።"

አተመ።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ስትወርድ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። የሚያብረቀርቁ ሱቆች፣ የሚሄድ ወለል፣ አረፍ በሉ የሚሉ ወንበሮች፤ አንዱንም አላየችም። ተሸክሞ የሚሄደው ወለል ላይ ቆመው የሚጫወቱትን "በግራ ልለፍ!" እያለች ሰነጠቀቻቸው። በሩን ሊዘጋ የተነሣው ሰውዬ መጀመሪያ ያየው ጫማዎቹን ነው፤ ቀድማ ዘርግታቸው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ፣ የዮርዳኖሷ አማን። መስኮቱ ውስጥ ያለው መኮንን ፓስፖርቱን ገለጠ፣ አሸተተው፣ ቀና ብሎ አያት። ፈቃዱን ደግሞ አገላበጠ።

"የዚህ መጨረሻ ቀን ዛሬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሰው እስከዚህ ድረስ ይቆያል?"

"እኔ አልቆየሁም" አለች። ማኅተሙ ዷ አለ።

ስልኳን ስትከፍት ጃይማላ ደወሉ። "አላልኩሽም? ረቡዕ ባናወጣው ኖሮ!" ከኋላቸው ካርና "ማን ላከው በያት! ማን ላከው!" እያሉ ይጮሃሉ። ዳንሩፓ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን የፋብሪካው አውቶቡስ ሲመጣ አየችና "እማማ፣ በኋላ" ብላ ዘጋችው።

የጠዋቱ ፈረቃ ስም ሲጠራ ፀጉሯን አልበጠረችም፣ ቁርስም አልበላችም ነበር። ሮካያ ሲባል መስመሯ ራስ ላይ ቆማ፣ የአንዷን ሠራተኛ ኮሌታ እያቃናች፣ "አለሁ" አለች።