ገና አልተቆላለፉም

ሜቪስ ታርፕሊ በቤቷ እባብ ማሳደር ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ሰው ግን አንድም ቀን አሳድራ አታውቅም። ይህን የምንለው እኛ ጎረቤቶቿ ነን። በምሥራቅ ቴክሳስ፣ በኔቸስ ወንዝ ዳር፣ ጥድ ከመቁረጥና ሰው ከማማት ሌላ ብዙ ሥራ የለንምና አይፈረድብንም። እናቷን እስክትቀብር ድረስ ከእናቷ ጋር ኖረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነዳች፤ በልጅነታቸው ያመላለሰቻቸው አድገው ሲወልዱ ልጆቻቸውንም አመላለሰች። ጡረታ የወጣች ዕለት ቁልፉን አስረክባ በእግሯ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም።

በእናቷ መኝታ ቤት አሁን መደርደሪያ ቆሟል። በመደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን፣ በየሳጥኑ ሰጋቱራ፣ የውሃ ሳህን፣ መደበቂያ የሚሆን የተደፋ የአበባ ማሰሮ፣ አንድ እባብ። አንድ ብቻ። ንጉሥ እባብ ይሉታል፤ ንጉሥ ያሰኘው ዘውድ ሳይሆን ሆዱ ነው። ሌላ እባብ ይበላል። ጅራቱን እያንቀጫቀጨ አገር የሚያስደነግጠውን መርዘኛ እባብ እንኳ ተጠምጥሞ አፍኖ ከራሱ ጀምሮ ይውጠዋል፤ መርዙ አይነካውም። ይህ ጀግንነቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ወንድሙን፣ ሚስቱን፣ ልጁን አለመለየቱ ነው። ስለዚህ ሜቪስ አንዱን ነክታ ወደ ሌላው ከመሄዷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ እባብ እባብ የሚሸት እጅ ለእነሱ ምሳ ነው። እያንዳንዱን ክዳን ግራና ቀኙን ትቆልፋለች። ቆልፋ ደግሞ ተመልሳ ትነካካዋለች። ቤንዚን ማደያው በር ላይ የሚውሉት ሽማግሌዎች፣ «እሷ ናት እባቡን የመሰለችው ወይስ እባቡ እሷን? ሁሉም በየሳጥኑ» እያሉ ይስቃሉ።

እነሱ ይሳቁ እንጂ፣ የወንዛችን ንጉሥ እባብ ከጫካው እየጠፋ ነው። ጥቁር ሆኖ በየቅርፊቱ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው፤ የበቆሎ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። መንገዱ ጨረሰው፣ ከሌላ አገር የገባው ቀይ ጉንዳን ዕንቁላሉን ጨረሰው። ከአሥራ አንዱ ውስጥ የዚህ ዘር የሆነች፣ ለአካለ መጠን የደረሰች አንዲት ሴት እባብ በሜቪስ እጅ አለች። ወንዱ ደግሞ በኮይ ባጌት እጅ ነበር።

ኮይ ባጌት እንጨት መሰንጠቂያው ሁለት ጣቱን ወስዶ ጡረታ ያወጣው ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመቷ። በየዓመቱ በሚያዝያ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ወንዱን ሚስቱ በጠለፈችው የትራስ ልብስ ውስጥ ቋጥሮ ወደ ሜቪስ በረንዳ ይመጣል። ሚስት የሞተችበት ሰው መኪና ያላገባች ሴት ደጅ ከቆመ እኛ ዝም አንልም፤ እባብ ከያዘ ግን ማን ይጠጋል? ሐሜቱም አፈረ።

ሥራው ሕግ አለው። ሁለቱም ከሳምንት በፊት በደንብ ይበላሉ። የሚገናኙት በእሷም በእሱም ሳጥን አይደለም፤ በራሷ ቤት ያለች ንጉሥ የገባባትን ሁሉ እራት ታደርገዋለችና ሦስተኛ፣ የማንም ሽታ የሌለበት ሳጥን ይዘጋጃል። አጠገቡ ቢጣሉ ለመለያየት ጫፉ የታጠፈ ብረት ይቀመጣል። ሁለት ወንበር ይዘረጋል። እስኪቆላለፉ ድረስ ዓይን ከሳጥኑ አይነሳም። መቆላለፍ የሚሉት ጅራት ከጅራት ሲያያዝ ነው። አንዴ ከተቆላለፉ ሥራው አለቀ፤ ሴቷ ወደ ሳጥኗ ትመለሳለች፣ ትበላለች፣ ወንዱም በትራስ ልብሱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ማክሰኞ፣ ቢበዛ ሁለት። ሜቪስ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያንን ነበር። እውነቱን ለመናገር ዕንቁላሉን አልነበረም።

ባለፈው ሚያዝያ መጀመሪያ ማክሰኞ፣ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ኮይ ባርኔጣውን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። ሜቪስ ወደ ሳጥኑ አየች። ከሰጋቱራው ሥር ጅራታቸው ተያይዟል። ገና ሻዩን እንኳ አልቀዳችም።

ኮይ ተመልሶ መጣ። «እህት ሜቪስ፣ ምን አዲስ ነገር?»

«ገና አልተቆላለፉም» አለች።

ኮይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ጉልበቱን ይዞ ቀና አለና፣ «ገና ነው» አለ። ተቀመጠ። እሷም በረዶ የሞላበትን ጣፋጭ ሻይ ቀዳችለት።

ሐሙስ ዕለት ወንዱን ይዞ ተመለሰ። ቅዳሜም መጣ፤ ቅዳሜ ደግሞ ራሱ የጋገረውን የበቆሎ ዳቦ አመጣ።

«ይህን አንተ ነህ የጋገርከው?»

«ምነው፣ ጣቴን ስታዪ አልመስልሽ አለ?»

«ጣትህ አይደለም። መሐሉ ጥሬ ነው።»

«መሐሉን ለእባቡ ስጪው፤ እሱ ምርጫ የለውም።»

ሜቪስ ጥሬውንም ጭምር በላችው። እንዲህ ያለ ሳምንት በሕይወቷ አልነበራትም። አንድ ነገር ግን ያስጨንቃት ነበር፦ ሴቷ እባብ ከበላች ሰንብታለች። አፍንጫዋን በክዳኑ ላይ እያሸች ታድራለች። እንዳታበላት፣ የበላ እባብ ሳምንት ካላረፈ አይገናኝም፤ ማክሰኞ ቀረ ማለት ነው፤ ኮይም ለምን ምግብ ሰጠሻት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንዳትተዋት፣ የተራበች ንጉሥ ምን እንደምታደርግ ከሜቪስ በላይ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ የለም። «አንድ ማክሰኞ ብቻ» አለች ለራሷ። ሳታበላት ቀረች።

ማክሰኞ መጡ፤ ኮይና ወንዱ። ሜቪስ ወንበሮቹን እንደ ወትሮው ወደ ሳጥኑ አዙራ ነበር ያስቀመጠችው፤ ወሬው ሲሞቅ ግን ወንበሮቹ ራሳቸው የዞሩ ይመስል ፊት ለፊት ሆኑ። ኮይ የሠርጉን ቀን ያወራ ነበር። ጫማው ጠፍቶበት በእንጨት መሰንጠቂያው ቡትስ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ፣ የሙሽራዋ እናት ጫማውን እያየች ስታለቅስ ሰው ሁሉ በደስታ መስሎት አብሮ እንዳለቀሰ።

«ፓስተሩም አለቀሱ?»

«ፓስተሩማ መሐረብ አዋሷት!»

ሜቪስ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እንደዚያ መሳቅ እንደምትችል ረስታው ነበር። ኮይም ወሬውን ትቶ ስትስቅ አያት። ለምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ አንዳቸውም አያውቁም።

የውሃው ሳህን ሲገለበጥ ሰሙ።

ሴቷ የወንዱን ራስ እስከ አንገቱ አስገብታ፣ ሦስት ዙር ተጠምጥማበት ነበር። «መጉመጥመጫ!» አለ ኮይ፤ ሜቪስ ሮጣ ከመታጠቢያ ቤቷ የአፍ መጉመጥመጫውን ጠርሙስ አመጣች፤ ኮይ ጣት በጎደለው እጁ የሴቷን አንገት ይዞ በአፏ ዳር አፈሰሰው። ሴቷ ሽታው ሲያቃጥላት ለቀቀች። ጥምጥሙን ሜቪስ ከጅራት ጀምራ ፈታች። ወንዱ እንደ እርጥብ ገመድ ተዘረጋ። ኮይ አነሳው፣ አገላበጠው፣ አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አሥራ አራት ዓመት ያሳደገው ነበር።

ሜቪስ ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል አፏን ከፈተች። በዚያ ፈንታ ጎንበስ ብላ የተገለበጠውን ሳህን አቃናች።

«ንጉሥ ናት፤ ንጉሥ የሚያደርገውን አደረገች» አለ ኮይ። ወንዱን በትራስ ልብሱ ጠቅልሎ ተነሳ። ሻዩን አልጨረሰም።

ሚያዝያ አለቀ። ግንቦትም አለፈ። ኮይ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ «እህት ሜቪስ» ይላታል፤ «ወንድም ኮይ» ትለዋለች፤ ከዚያ አይዘልም። በሰኔ መጀመሪያ ሴቷ አሥር ዕንቁላል ጣለች። ሜቪስ በለሰለሰ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብራ ሙቀቱን በቀን አራቴ ታይ ነበር። ደወለችለትና «አሥር ናቸው» አለችው። «ጥሩ ነው» አለ።

በነሐሴ ተፈለፈሉ። እርሳስ የሚያህሉ፣ ገና ከዕንቁላላቸው ሳይደርቁ ጅራታቸውን የሚያንቀጠቅጡ አሥር ንጉሦች። አንድ ቀን አብረው ቢያድሩ ዘጠኝ እንደሚሆኑ ታውቃለችና ዕለቱን ለያይታ በየብልቃጡ አደረገቻቸው። ክዳኑን በመርፌ በሳሳች። ግማሹ በልማዱ የኮይ ድርሻ ነው። መጣ። ወንበር ሳይስብ በረንዳው ላይ ቆሞ አምስቱን ብልቃጥ በካርቶን ሲደረድር፣ ሜቪስ ከዚህ በላይ ተሸክማ መኖር እንደማትችል ገባት።

«ወንድም ኮይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ዕለት ተቆላልፈው ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ገና ያልኩህ ዋሽቼህ ነው። ወንድህን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ኮይ አንዱን ብልቃጥ አስተካክሎ አስቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን ታውቃለህ?»

«መቆላለፋቸውን። ጎንበስ ስል አየኋቸው።»

ሜቪስ የበረንዳውን እንጨት ያዘች። «ታዲያ ለምን መልሰህ መልሰህ አመጣኸው?»

«አንቺስ ለምን ገና አልሽ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይህን። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ለመናገር አፈሩ። ሰባን ካለፉ በኋላ እንደ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መሬት መሬት አዩ።

«ከእነዚህ ውስጥ ወንድ አለ?» አለ ኮይ በመጨረሻ።

«አንተ ጋ ሦስት አሉ። ደህና ወንዶች ናቸው።»

«ለማገናኘት ስንት ይፈጅባቸዋል?»

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሥራ ጠየቃት፤ እሱም መልሱን ያውቀዋል። «ሦስት ዓመት» አለች።

«ሰባ ሰባት ይሆነኛል።» ካርቶኑን አነሳ።

«ባዶ እጅህን ና» ልትለው ፈለገች። ሦስት ቃል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በአርባ ልጅ ጫጫታ ላይ ድምጿን ያሰማች ሴት፣ ሦስቱን ቃል ማውጣት አቃታት። ነገ ና፤ እባብ ሳትይዝ ና፤ ሻይ ልትጠጣ ብቻ ና። ሁሉንም አሰበችው፤ አንዱንም አላለችውም። ኮይ ደረጃውን በዝግታ ወረደ። ካርቶኑን ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ እንዳይንሸራተት የደኅንነት ቀበቶውን አሰረለት። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ቆየ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እህት ሜቪስ።»

«አቤት።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት... ማክሰኞ ይመችሻል?»

«ማክሰኞ ጥሩ ነው» አለች ሜቪስ።